ጳጉሜን ስድስት

ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት፣ ገና ወንበሬ ላይ ሳልደላደል ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ከደንበኞቻችን የአንዱ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ዕድሜያቸው የእናቴ ነው፤ እኔንም ‹‹ልጄ›› ከማለት ሌላ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

‹‹ልጄ፣ እንደምን አደርክ? እኛ እዚህ ገና ጳጉሜን ላይ ነን። ያንተ ማሽን ግን እንቁጣጣሽ ብሎ ደረሰኝ ያትማል። ኧረ እኔ ዶሮም አልገዛሁ!››

ሳቅሁ። ኮዱን ስከፍት ሳቄ ቆመ። ከመካከላችን አንዱ በ2009 ዓ.ም. የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚቀይር ሠላሳ አምስት መስመር ጽፎ ነበር። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆንበትን ዓመት ለመለየት ዓመቱን ለአራት ያካፍልና ቀሪው ዜሮ መሆኑን ይጠይቃል። ይህ የፈረንጆቹ ደንብ ነው። በእኛ ቀሪው ሦስት መሆን አለበት፤ 2011 ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው አጠገባችን ቢኖር ኖሮ ኮምፒውተር ሳይከፍት ‹‹ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ናት›› ብሎ ይገላግለን ነበር። ከኮዱ አናት ላይ ጸሐፊው ማስታወሻ ትቷል፦ ‹‹ለጊዜው ነው፣ ይስተካከላል››።

ዜሮዋን ሦስት አደረግኋት፤ ደረሰኙ ተስተካከለ። ቡና ልጠጣ ወረድሁ። ቡናው ሳይቀርብ ሌላ ደንበኛ ደወለ። ሲስተሙ ሌላ ነው፤ ነገሩ ግን ያው እንቁጣጣሽ።

ያ ሠላሳ አምስት መስመር በሰባት ቦታ ተገልብጦ ኖሯል። ሦስቱን በዚያው ቀን ደረስንባቸው። የቀሩት አራቱ በመስከረም አንድ በአንድ በስልክ መጡልን፤ እስከዚያ ድረስ ከእኛ አንድ ቀን ቀድመው ይኖሩ ነበር። ከሁሉ ክፋቱ ደግሞ ስሕተቱ በራሱ የሚሽር መሆኑ ነው። በ2011 የዋጣትን ቀን በ2012 መጨረሻ፣ ጳጉሜን አምስት ብቻ በሆነችበት ዓመት፣ ስድስተኛ ቀን ፈጥሮ ይመልሳታል። ከመስከረም 1 ቀን 2013 ጀምሮ የሚያሰላው ቀን ሁሉ ልክ ነው። ከዚያ እስከሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠረጥረው ይተኛል።

እነዚያ ሰባት ቅጂዎች ሲገለበጡ ግን አድናቆት አትርፈውልናል። አዲስ ሲስተም ይመጣል፣ ‹‹የቀኑ ነገርስ?›› ይባላል፣ ‹‹አለን›› እንላለን፣ ኮፒ ፔስት፣ አለቀ። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ በግማሽ ደቂቃ። የዚያን ጊዜ ኮድን መልሶ መጠቀም ማለት ይህ ይመስለን ነበር። በመስከረም ውስጥ ያጠፋነውን ሰዓት ስቆጥረው ግን ያተረፍነው ሁሉ ሄዶ ተጨማሪም ከፍለናል። ስንገለብጥ ያዳንነው የጣታችንን ድካም ነው። ፕሮግራመርን ዋጋ የሚያስከፍለው ግን መጻፉ አይደለም፤ ተሳስቶ ማረሙ ነው። አንድ ስሕተት አንድ ቦታ ብቻ እንዲኖር፣ አንዴ ብቻ እንዲታረም፣ ያረመውም ሌላ ሰው እንዲሆን ማድረግ ከተቻለ፣ ያ ነው ትርፉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1968 በደቡብ ጀርመን፣ በአልፕስ ተራሮች ሥር ባለችው ጋርሚሽ፣ የኔቶ የሳይንስ ኮሚቴ ስለ ሶፍትዌር አሠራር ለመምከር ባለሙያዎችን ሰብስቦ ነበር። በዚያ ጉባኤ የቤል ላብራቶሪው ዳግ ማክሊሮይ ተነሥቶ ወቀሳ አሰማ። የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ካታሎግ አገላብጦ የሚሻውን ክፍል መርጦ ይገዛል፤ ፕሮግራመር ግን አንድ ሳይን የምታሰላ ትንሽ ኮድ እንኳ ሲያስፈልገው ቁጭ ብሎ ከባዶ ይጽፋል። ለምን የሶፍትዌር ክፍሎች ፋብሪካ አይኖረንም? ጥያቄው ይኸው ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የእኔ ቢሮ ውስጥ ሰባት የጳጉሜን ስሌት መገኘቱን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ኦስሎ ውስጥ ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ ሲሙላ 67 የተባለ ቋንቋ እየሠሩ ነበር። ዛሬ ክላስ የምንለው ነገር ከዚያ ነው የመጣው። ነገሩን ያለ ቋንቋው ለመናገር፣ መረጃውንና መረጃው ላይ የሚሠራውን ሥራ አንድ ላይ አስረው በአንድ ስም ጠሩት። ከዚያም አንዱ ክላስ ከሌላው እንዲወርስ አደረጉ፤ ልጁ የአባቱን ሁሉ ይዞ ይወለድና የራሱን ልዩነት ብቻ ይጨምራል። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት ወስደዋል። ቢያርኔ ስትሮስትሩፕ በ1979 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ሲ ቋንቋ ላይ ክላስ መቀጠል ሲጀምር መነሻው ሲሙላ ነበር፤ የዚያ ሥራ ፍሬ ሲ ፕላስ ፕላስ ተባለ። በሰማንያዎቹ ‹‹ውርስ ካለ መልሶ መጠቀም አለ›› የሚለው እምነት ከስብከት አልተናነሰም።

ስብከቱን ለመመዘን ከሞከሩት መካከል ቪክቶር ባዚሊ፣ ሊዮኔል ብሪያንድ እና ዋልሴልዮ ሜሎ ይገኙበታል። ጥናታቸው በ1996 ታተመ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሦስት ሦስት አድርገው በስምንት ቡድን ከፈሏቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ተሰጣቸው፤ የቪዲዮ ካሴት አከራይ ሱቅን የሚያስተዳድር ሲስተም በሲ ፕላስ ፕላስ መሥራት። ላይብረሪ የሚባሉ ዝግጁ የኮድ ስብስቦች አጠገባቸው ተቀመጡላቸው፤ የፈለገ ይጠቀም፣ ያልፈለገ ራሱ ይጻፍ። ተመራማሪዎቹ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን የኮድ ክፍል ለዩት፦ እንዳለ የተወሰደ፣ ጥቂት የተነካካ፣ በብዙ የተለወጠ፣ ከባዶ የተጻፈ። የጥቂትና የብዙ ድንበር ሃያ አምስት በመቶ ነበረች።

የበለጠ የተጠቀሙት ቡድኖች ምርታማ ሆኑ፤ ይህን ማንም ይገምታል። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። እንዳለ የተወሰደው ኮድ ስሕተቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቂት የተነካካውም ደህና ነው። በብዙ የተለወጠው ግን ከባዶ ከተጻፈው ብዙም አልራቀም። የሰው ኮድ ወስደው ሩቡን ከለወጡት በኋላ፣ ያ ኮድ ቀደም ሲል የተፈተነበት ሁሉ ለእርስዎ እንዳልተፈተነ ነው። የሰው ልብስ አስጠብቦ አሳጥሮ እጅጌ ቀይሮ ከመልበስ ከሸማኔው አዲስ ማዘዝ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ጥናቱ በተማሪዎች ላይ የተሠራ ነው፣ ስምንት ቡድን ትንሽ ነው፤ ይህን አልረሳም። ግን የእኔን የሰባት ቅጂ ታሪክ አጠገቡ ሳስቀምጠው ይገጥማል። እያንዳንዱ ደንበኛ ‹‹ቀኑ በዚህ መልክ ይጻፍልኝ›› እያለ ሰባቱም ቅጂዎች ሰባት ዓይነት ተለዋውጠው ነበር። ስሕተቱን ለማረም አንዱን ሠርቼ ስድስቱ ላይ መለጠፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ታዲያ መልካሙ ምን ይመስላል? ምሳሌውን ከዚያው ከቀን አቆጣጠሩ ላምጣ፤ የሚያምር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አይሲዩ የሚባል ነጻ ላይብረሪ አለ። የዓለም ቋንቋዎችን ፊደል፣ የቁጥር አጻጻፍና የቀን አቆጣጠር የያዘ ትልቅ ጎተራ ነው፤ አንድሮይድ ከ7ኛው ስሪቱ ጀምሮ ለፕሮግራመሮች ክፍት አድርጎታል። ውስጡ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የራሱ ክላስ አለው። ክላሱን ስትከፍቱት ግን ስሌት ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። ያለው ጥቂት ቁጥርና የወሮች ስም ነው፤ ስሌቱን ከአባቱ ወርሶታል። የአባቱ ሌላ ልጅ ደግሞ የቅብጥ ዘመን አቆጣጠር ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች እንደ እኛው አሥራ ሦስት ወር አላቸው፤ ዓመታቸውም የሚብተው በእኛው ቀን ነው። ልዩነቱ ዓመቱን መቁጠር የጀመሩበት ዘመን ብቻ ነው፤ እነርሱ ከዘመነ ሰማዕታት ይነሣሉ። ፕሮግራመሮቹ ይህን ስላወቁ የጋራውን ለአባት ሰጡ፣ ለልጆቹ መነሻ ቀናቸውን ብቻ ተዉላቸው።

መነሻው የሚጻፈው ወርና ዓመት በማያውቅ የሥነ ፈለክ የቀን ቁጥር ነው። የኢትዮጵያው 1723856፣ የቅብጡ 1824665። አንዱን ከሌላው ቀንሱ፦ 100809 ቀን። ለ365 ከሩብ ስታካፍሉት ቅንጣት ሳይተርፍ 276 ዓመት ይሆናል፤ በእኛና በቅብጦቹ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ይህች ናት። የሁለት አብያተ ክርስቲያናት የዘመን ልዩነት በአንድ የቁጥር መስመር ተጽፎ ሳየው ወንበሬ ላይ ተደግፌ ዝም አልሁ። ዓመተ ዓለም ለሚፈልግም 5500 የምትጨምር መንገድ አለች።

ጳጉሜንስ? አባትየው ‹‹ይህ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነው ወይ?›› ብሎ የሚጠይቅ መስመር እንኳ የለውም። ዓመቱን በ365 ያባዛል፣ ዓመቱን ለአራት አካፍሎ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ይጨምርበታል። 2011 ለአራት 502 ነው፤ 2012 ለአራት 503። አንዷ ቀን በሁለቱ መካከል ራሷ ትገባለች፤ ጓደኛችን ዜሮ ይሁን ሦስት ብሎ የተሳሳተበት ጥያቄ አይነሣም። ሊሳሳቱበት የሚችሉት ቦታ ከነጭራሹ የሌለበት ኮድ ከፈለጋችሁ ይኸው።

የዚህ ቤተሰብ የዘር ሐረግም ራሱን የቻለ ወግ አለው። አፕል እና አይቢኤም በ1992 ታሊጀንት የሚባል ኩባንያ አቋቁመው ነበር፤ ሕልሙ ሙሉ በሙሉ በኦብጀክት፣ ማለትም ከክላስ በሚወለዱ ክፍሎች፣ የተገነባ፣ ማንም ወርሶ የራሱን የሚቀጥልበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሕልሙ አልሰመረም፤ ኩባንያው በአይቢኤም ተውጦ ጠፋ። የቋንቋና የቀን ክፍሎቹ ግን ወደ ጃቫ 1.1 ገቡ፤ የታሊጀንት ስም በጃቫ የካላንደር ኮድ አናት ላይ ተጽፎ ይነበባል። አይሲዩም ከዚያው ግንድ በቅሎ በ1999 ለሕዝብ ተከፈተ። ኢትዮጵያና ቅብጥ በኋላ የተቀጠሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ቤቱ ፈርሶ ማገሩ ሌላ ቤት ላይ እየሠራ ነው።

ውርስ ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም። ጃቫ ውስጥ ስታክ የሚባል ክላስ አለ። እንጀራ በእንጀራ ላይ እየደረበ እንደሚሄድ ሌማት ነው፤ የምታነሡት ከላይ ያለውን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ስታክን ቬክተር ከሚባል የተራ ዝርዝር ክላስ እንዲወርስ አደረጉት። ዝርዝር ግን ከመሐሉ መጎተትና መሐሉ መሰካት ይፈቅዳል፤ ስታክም ይህን ሳይወድ ወረሰ። ሌማት ነው ብለው የሰጡን ዕቃ ከመሐል እንጀራ ይመዘዝበታል ማለት ነው። ስሕተቱ ከታወቀ ቆይቷል፤ የጃቫ መግለጫ ራሱ ሌላ ተጠቀሙ ይላል። ማስወገድ ግን አይቻልም፤ ስንቱ ኮድ በላዩ ተሠርቷል። ውርስን የኮድ ማሳጠሪያ ካደረጉት፣ ልጅ የአባቱን ርስት ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ይረከባል። በ1994 የወጣው የጋማ፣ የሄልም፣ የጆንሰንና የቭሊሲደስ መጽሐፍ ከውርስ ይልቅ ኦብጀክትን በኦብጀክት ውስጥ አስቀምጦ መጠቀምን የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዳለ መውሰድም ዋስትና እንዳልሆነ የምታስታውሰን አንዲት ሮኬት አለች። ጁን 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.፣ ኩሩ፣ የፈረንሳይ ጊያና። አሪያን 5 ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰች። ሠላሳ ሰባት ሰከንድ ገደማ ላይ አቅጣጫ የሚመሩት ሁለቱ ኮምፒውተሮች ተከታትለው ጠፉ፤ ሮኬቷ ዞራ ተሰባበረች፣ ክላስተር የተባሉ አራት ሳተላይቶችም አብረው ወደሙ። አቅጣጫ መሪው ሶፍትዌር ከአሪያን 4 እንዳለ የመጣ ነበር። እዚያ ላይ ያለ ነቀፋ ሠርቷል። አሪያን 5 ግን ስትነሣ ወደ ጎን የምትሄድበት ፍጥነት ከታላቋ ይበልጣል፤ ይህንኑ የሚለካው ቁጥር በ16 ቢት ውስጥ አልበቃ አለ። ከሁሉ የሚቆጨው፣ ያ የስሌት ክፍል ሮኬቷ ከመሬት ከተነሣች በኋላ ለአሪያን 5 የሚሰጠው አንዳች ጥቅም አልነበረም፤ በአሪያን 4 ጊዜ ያስፈልግ ስለነበር ብቻ ሲሠራ ቀጠለ። ሁለተኛው ኮምፒውተርም መጠባበቂያ ይሁን እንጂ ያንኑ ኮድ ይዞ ያንኑ ሞት ሞተ። ቋንቋው ኤዳ እንጂ የኦብጀክት ቋንቋ አልነበረም፤ ነገር ግን ቤርትራን ሜየር እና ዣን ማርክ ዤዜኬል በ1997 ጉዳዩን አንሥተው ሲጽፉ ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ክላሶች ዓለም ነበር። አንድ ክፍል ሲወሰድ ‹‹ይህ ቁጥር ከዚህ አይበልጥም›› የሚለው ውል ከኮዱ ጋር ተጽፎ አብሮ ካልሄደ መልሶ መጠቀም ቁማር ነው አሉ። ከስሌቱ ይልቅ ስሌቱ የቆመበት ግምት ነው የጠፋው።

ውል መጻፍ፣ መፈተን፣ ለማያውቁት ሰው መግለጫ ማዘጋጀት ደግሞ ነጻ አይደለም። ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባወጣው መጽሐፉ አንድን ፕሮግራም ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ምርት ለማድረግ ሦስት እጥፍ፣ በዚያ ላይ ከሌሎች ጋር ተገጣጥሞ የሚሠራ የሲስተም ክፍልም ለማድረግ በድምሩ ዘጠኝ እጥፍ ድካም ገምቷል። አለቆች የሚያመልጣቸው ይህ ነው። የመጀመሪያው ፕሮጀክት ላይ ለመልሶ መጠቀም መዘጋጀት ምርታማነትን ይቀንሳል፤ ቆይቶ ነው የሚከፍለው። ‹‹እስከ ዓርብ ይለቅ›› የሚባልበት ቢሮ ውስጥ ማንም ሦስት እጥፉን አይከፍልም፤ ‹‹ለጊዜው ነው›› ብሎ ይገለብጣል። የተከፈለበትን የሌላ ሰው ሥራ መውሰድም የራሱ ጣጣ አለው። በማርች 2016 አሥራ አንድ መስመር ብቻ የሆነች ሌፍት ፓድ የተባለች የጃቫስክሪፕት ኮድ በጸሐፊዋ ስትነሣ በላይዋ የቆሙ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት ተሳናቸው። በዲሴምበር 2021 ደግሞ በጃቫ ዓለም ሁሉ የሚገኘው ሎግ ፎር ጄ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ብዙ ባለሙያ የገናን ሰሞን በቢሮ እንዲያሳልፍ አደረገ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ደግሞ ‹‹እኛ ጋ የት የት ነው ያለው?›› ብለው ነበር። ጥያቄዋን አውቃታለሁ።

ስለ መለኪያውም አንድ ነገር ልበል። በመስመር ብዛት ምርታማነት የሚቆጥር አለቃ ሰባት ጊዜ የገለበጠውን ይሸልማል፣ ሰባቱን አንድ ያደረገውን ይቀጣል። አፕል ውስጥ በ1982 የሊሳ ኮምፒውተር ሥራ ላይ እያሉ ፕሮግራመሮች በየሳምንቱ የጻፉትን መስመር በፎርም እንዲሞሉ ተጠየቁ። ከእነርሱ አንዱ ቢል አትኪንሰን የሊሳን የሥዕል ኮድ እንደገና አስቦ አሳጥሮት፣ ፍጥነቱንም በብዙ እጥፍ ጨምሮለት ነበር። ፎርሙ ላይ ‹‹ሲቀነስ ሁለት ሺህ›› ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፎርም ሙላ ማለታቸውን ተዉት ይባላል።

እኛም በ2012 ዓ.ም. ሰባቱን ቅጂ አንሥተን በአንድ የቀን ላይብረሪ ተካናቸው፤ የውስጡ ስሌት ከአይሲዩ ነው። ለሰባቱ ደንበኞች ሰባት የአጻጻፍ መልክ የሚሰጡ ትንንሽ ክላሶች ከላይ አስቀመጥን፤ ስሌቱን ማንም አይነካም። ከጻፍነው ያጠፋነው ይበልጥ ነበር፤ ደስ ያለኝን ያህል ለማንም ማስረዳት አልቻልሁም።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሰኞ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ገባሁ፤ ለማንም ባልናገርም ስልኩን ነበር የምጠብቀው። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ዝም። ሦስት ተኩል፣ ዝም። ቡና አዘዝሁ። አራት ሰዓት ላይ እኚያው እናት ደወሉ።

‹‹ልጄ፣ ዘንድሮ ደረሰኙ ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥህ። የደመወዙ ሪፖርት ግን መስከረም ገብቷል።››

የደመወዙን ሪፖርት የሠራው በ2013 የቀጠርነው ልጅ ነው፤ ጎበዝ ልጅ። ላይብረሪ እንዳለን ማንም አልነገረውም፤ መጠየቅም አፍሮ ከአሮጌ ፕሮጀክት ፎልደር ወስዶታል። ፈትኖታልም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልክ ነበረ። ፋይሉን ከፈትሁት። አናቱ ላይ ‹‹ለጊዜው ነው፣ ይስተካከላል›› ይላል።